በኅዳር በሽታ ዘመን የአዲስ አበባ ቤትና ኑሮው

የአንድ ከተማ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከቤተ መንግሥቱ፥ ከአደባባዩና ከቤተ ክርስቲያኑ ተነሥቶ ነው። የአዲስ አበባም ታሪክ ከዚህ ልማድ አልወጣም። ሹም ሽሩ፥ ዘመቻው፥ የባቡሩ መግባት፥ የመንገዱ መጠረግ በየመልኩ ተጽፏል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የደረሰው እልቂት ግን ጦር ሜዳ አልነበረውም፤ ነጋሪትም አልተጎሰመለትም። የተፈጸመው በየቤቱ፥ በመደቡ ላይ፥ በምድጃው ዙሪያ ነው። ስለዚህም ያን ወቅት ሊረዳ የሚሻ ሰው የሟቾቹን ቁጥር ከመጠየቁ አስቀድሞ፥ ያ ቤት እንዴት ያለ ቤት ነበር? ውኃው ከየት ይመጣ ነበር? እሳቱንስ ማን ያነድ ነበር? ብሎ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ጥያቄው ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ የተተወ አይደለም። ቤት መሥራት፥ ውኃ መሳብ፥ ከተማ መቀየስ ሙያዬ የሚል ሁሉ ድርሻ አለበት።

በሽታው በዓለም ዘንድ «የእስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» ተብሎ ይጠራል። ስሙ እስፓኝን ይጥራ እንጂ መነሻው ከዚያ አልነበረም። እስፓኝ በጦርነቱ ስላልተካፈለች ጋዜጦችዋ እንደ ተዋጊዎቹ አገሮች ጋዜጦች አልታፈኑም፤ ስለ በሽታውም በግልጥ ጻፉ፤ በዚህም ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። በዓለም ላይ የገደለው ሰው እስከ 50 ሚሊዮን ይገመታል። በኢትዮጵያ ግን ሕዝቡ በከፋበት ወር ስም ጠርቶት «የኅዳር በሽታ» ሆኖ ቀረ። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በትዝታ መጽሐፋቸው አንሥተውታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1975 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጥተውበታል። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ከ5,000 እስከ 10,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ከተማይቱ ያን ጊዜ ከተቈረቈረች ገና 32 ዓመት ገደማ የሆናት፥ ነዋሪዋ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ከተማ ነበረችና፥ ይህ ቁጥር ምን ያህል ቤት እንዳፈረሰ ለመገመት አያዳግትም።

በሽታው ከጅቡቲ ተነሥቶ በባቡሩ መስመር እንደ ገባ ይታመናል። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ማለትም ከበሽታው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቀደም ብሎ ነው። 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ ቀን ቀን እየተጓዘ፥ ሌሊት ሌሊት በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ፥ በሦስት ቀን ይጨርሰው ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ሰውን ከያዘ በኋላ ምልክቱ የሚገለጠው ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በሲራራ ጊዜ ከባሕር ጠረፍ የተነሣ መንገደኛ ሳምንታት ስለሚፈጅበት፥ በሽታው ከያዘው ከመንገድ ወድቆ ወይ ይሞታል፥ ወይ ይድናል። በባቡር የመጣው ግን ገና ሳያስለው አዲስ አበባ ይወርዳል። ጣቢያው፥ ሐዲዱና ድልድዩ የዘመኑ የምሕንድስና ኩራት እንደ ነበሩ አይካድም፤ ይሁን እንጂ የሦስት ቀን ጉዞ ከቡና ጭነትና ከቆርቆሮ ክምር ሌላ ምን ሊያጓጕዝ እንደሚችል በዚያን ጊዜ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስልም።

ይህ በሽታ ከተለመደው ጉንፋን የሚለይበት አንድ ጠባይ ነበረው። ጉንፋን የሚበረታው በሕፃንና በሽማግሌ ላይ ነው። የኅዳሩ ግን በተለይ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጐልማሳ ሰው ያጠቃ ነበር፤ ይህም በዓለም ሁሉ የታየ ነው። ሁለተኛው ጠባዩ ደግሞ ፍጥነቱ ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች ተራ በተራ ቢታመሙ አንዱ ሌላውን ያስታምማል፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲወድቁ ግን አስታማሚ የለም። ገናናውንም አልለየም። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ጽኑ ሕመም ታመው እንደ ዳኑ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል።

እንግዲህ ወደ ቤቱ እንግባ። አዲስ አበባ ከጦር ሰፈር የተወለደች ከተማ በመሆንዋ ቤቶችዋ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የተሰባሰቡ ነበሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፥ ራስ ተሰማ ሰፈር እየተባሉ ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ። የእጅ ሙያተኞቹ በሠራተኛ ሰፈር ይኖሩ ነበር። በአርመንና በህንድ ግንበኞች የታነጹ፥ ሰገነትና ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ቤቶች መታየት ቢጀምሩም፥ አብዛኛው ሕዝብ የሚያድረው በክብ ጎጆ ውስጥ ነበር። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፥ ክዳኑ ሣር ነው። መስኮት የለውም፤ ጢሱ በሣሩ መካከል እየተጣራ ይወጣል። ስለዚህ ቤት ብዙ ክፉ ተነግሯል። ይሁንና አየር ማዘዋወር ብቻ ቢመዘን፥ በጣራውና በግድግዳው መጋጠሚያ ነፋስ የሚያስገባው የሣር ጎጆ፥ በሩና መስኮቱ ከተዘጋ ባለ ቆርቆሮ ክፍል ይሻል እንጂ አያንስም። ጥፋቱ በሌላ በኩል ነው። ሰው ሲታመም ምች እንዳይመታው፥ ብርድ እንዳይገባው ተብሎ በሩ ይዘጋል፤ ሕመምተኛው በጋቢ ተጠቅልሎ በምድጃው አጠገብ ይተኛል፤ የኅዳር ሌሊት በከፍታው ላይ ውርጭ ነውና ቤተሰቡም ሁሉ በዚያችው እሳት ዙሪያ ይሰበሰባል። ሳሉ ደግሞ በዚያው ውስጥ ነው።

የቤቱ ዕቃ ትንሽ፥ ሥራው ግን ብዙ ነበር። በአንድ ወገን እህል የሚቀመጥበት ጎታ፥ በሌላው ወገን ወፍጮ፥ በመካከል ሦስት ጉልቻ ያለበት ምድጃ፥ ከዚያ ምጣድ፥ ቡሃቃ፥ ጋንና እንስራ ይገኛሉ። በጎታው ያለው እህል ለወራት ሊበቃ ይችላል። እህሉ ግን ምግብ የሚሆነው በብዙ እጅ ነው። መጀመሪያ ይለቀማል፥ ይፈጫል፤ የእጅ ወፍጮ የሴቲቱን ንጋት በሙሉ ይወስዳል። ዱቄቱ ይቦካል፤ እርሾው ሥራውን እስኪጨርስ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ይጋገራል፤ የተጋገረውም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፥ ይሻግታል። ማገዶውን ሴቶች ከእንጦጦ ተሸክመው ያወርዱታል፤ ወይም ኩበት ይለቀማል። እሳቱ ሌሊት በረመጥ ይዳፈናል፤ የጠፋበት ከጎረቤት ይጭራል።

ውኃው ከሁሉ ይከፋል። ከእንጦጦ ሥር በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ የተሳበው በ1880ዎቹ ነው፤ ሥራውንም የመራው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ሕዝቡ ውኃ ሽቅብ ሲወጣ አይቶ ተደንቆ ነበር ይባላል። ያ ቧንቧ ግን የግቢ ቧንቧ ነበር። የቀረው ከተማ ከቀበናና ከግንፍሌ፥ ከየምንጩና ከየጉድጓዱ በእንስራ ይቀዳ ነበር። አንድ እንስራ ሃያ ሊትር ገደማ ቢይዝ ነው። እርሱን በጀርባ ተሸክሞ ከወንዝ ዳር እስከ ሰፈር ዳገቱን መውጣት የጐልማሳ ሴት ጉልበት ይጠይቃል። ቤተሰቡ ለመጠጥ፥ ለሊጥና ለወጥ ብቻ በቀን ቢያንስ አንድ እንስራ ይፈልጋል። ከዕለት የሚተርፍ ውኃ በቤት ውስጥ የለም ማለት ነው። የወራት እህልና የአንድ ቀን ውኃ በአንድ ጣራ ሥር መኖራቸው በደኅናው ቀን አይታወቅም ነበር፤ ምክንያቱም ውኃው በየማለዳው ይመጣ ነበርና።

በሽታው የገባበትን አንድ ተራ ቤት ማሰብ ይቻላል። ይህ የታወቀ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም፤ የቤቱን አሠራርና የበሽታውን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ግን ሌላ መንገድ ሊሄድ የሚችል ነገር አይመስልም። ባልና ሚስት፥ ሦስት ልጆችና አንዲት አሮጊት እናት በቤቱ አሉ እንበል። ባል ከገበያ ብርድ ብርድ እያለው ይመለሳል። ሚስት አጥሚት ትሠራለታለች፥ እግሩን ታጥበዋለች፤ ውኃው በዚያ ቀን ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል፥ ምክንያቱም ትኩሳት ያለበት ሰው ጥሙ አይረካም። በማግሥቱ ሁለት ጊዜ ወንዝ ትወርዳለች። በሦስተኛው ቀን እርስዋም ትወድቃለች። ሊጡ በቡሃቃው ውስጥ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል፤ የሚጋግረው የለም፤ ይኮመጥጣል፥ ከዚያም ይበላሻል። አሮጊቲቱ እሳቱን ትጠብቃለች፤ ዳገት ግን መውጣት አትችልም። የስምንት ዓመት ልጅ በቅል ትንሽ ውኃ ታመጣለች፤ ያቺ ቅል ለአምስት ሕመምተኛ አትበቃም። ማገዶው ሲያልቅ እሳቱ ይጠፋል። ጎታው ግን ሙሉ ነው። በሶ ወይም ቆሎ አስቀድሞ የተሰናዳበት ቤት ጥቂት ቀን ያተርፋል፤ እርሱም ቢሆን ውኃ ይፈልጋል።

በዚያን ዘመን ሰው የጎረቤቱን ደኅንነት ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ ጢስ ነበር። ከጣራው ጢስ የሚታይ ከሆነ ውስጥ የሚነሣ ሰው አለ። ጢስ ሳይታይ ሁለት ቀን ያለፈበት ቤት ግን ወይ ባለቤቶቹ አገር ቤት ሄደዋል፥ ወይ ሁሉም ተኝተዋል።

ያን ጊዜ በዕድሜ የገፋው ሰው «ክፉ ቀን» የሚባለውን፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ዘመን አይቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ጎታ ሁሉ ባዶ ሆነ። ሰው ጉልበት እያለው የሚበላው አጣ። ኅዳር 1911 የመጣው በተቃራኒው ነው። ወሩ የመኸር መግቢያ ነው፤ ጤፉ በማሳ ላይ የደረሰበት፥ ገበያው እህል የሚጠብቅበት ወር ነው። የጠፋው የሚያጭደው፥ የሚፈጨው፥ የሚቀዳው እጅ ነው። ክፉ ቀንን የተሻገሩ ሰዎች እህል ማከማቸትን ተምረው ነበር፤ ያ ትምህርት በኅዳር በሽታ ጊዜ ብዙም አልረዳቸውም።

ይህ በአዲስ አበባ ብቻ የታየ አልነበረም። ጥቅምት 28 ቀን 1911 ዓ.ም. ታሉኔ የተባለች መርከብ ከኒው ዚላንድ በሽታውን ይዛ በፓስፊክ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ወደ ምዕራብ ሳሞአ ገባች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህሉ አለቀ። ሥራ ሥሩ በማሳው ውስጥ፥ ፍሬው በዛፉ ላይ ሳለ የሚያመጣው ሰው ጠፍቶ ቤተሰብ ተራበ። በአጠገብዋ ያለችው፥ በአሜሪካ ሥር የነበረችው ሳሞአ ግን ወደቧን ዘግታ አንድ ሰው እንኳ ሳይሞትባት አለፈች። አዲስ አበባ መዝጋት የምትችለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበራት፤ እርሱን ለመዝጋት የሚያበቃ ዕውቀትም ሆነ ማስጠንቀቂያ በጊዜው አልደረሳትም።

የመኳንንቱ ቤት ከተራው ሰው ቤት የተለየ ዕድል ገጠመው ወይ? የተለየው በመጠኑ ነው። በትልቁ ግቢ ውኃ የሚቀዳ፥ እንጨት የሚፈልጥ፥ የሚፈጭና የሚጋግር ብዙ ሰው አለ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። ባሪያን ቀስ በቀስ ነፃ ለማውጣት አዋጅ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ሲሆን፥ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በትልቁ ግቢ እነዚህ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተጨናንቀው ያድሩ ስለ ነበር በሽታው በመካከላቸው ለመዛመት ቀን አይፈጅበትም። እነርሱ ሲወድቁ፥ እንስራ ተሸክማ የማታውቅ እመቤት በሙሉ ጎታና በባዶ እንስራ መካከል እንደ ድኻዋ ጎረቤትዋ ቆመች። የታሪክ ድርሳናት የእመቤቲቱን ኀዘን ይጽፉ ይሆናል፤ የውኃ ቀጂዋን ስም የመዘገበ ግን አይገኝም። ከተማይቱን በእግርዋ ያቆመችው ግን እርስዋ ነበረች።

ጢስ ያልታየበትን ቤት ማን ከፈተው? ይህ የዚያ ወቅት ከባዱ ነገር ነው። በአገራችን የታመመ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ «ጎረቤቴ ታሞ አልጠየቅሁም» ማለት ነውር ነው። ጠያቂው እንጀራ በሌማት፥ ውኃ በቅል ይዞ ይገባል፤ ከሕመምተኛው አጠገብ ተቀምጦ ሲያጽናና ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ቤት ይሻገራል። ዛሬ እንደሚታወቀው በሽታው ከቤት ወደ ቤት ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ጠያቂ ነው። ይሁን እንጂ ለኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን፥ ውኃ፥ አጥሚት፥ ሙቀትና የሚያገላብጥ ሰው ያገኘ ሕመምተኛ ካላገኘው ይልቅ የመትረፍ ዕድል ነበረው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎችም ቢሆን በዚያ ዓመት ከሐኪም ይልቅ የተፈለገው አስታማሚ ነበር። እንግዲህ ያቺ ጎረቤት በአንድ እጅዋ በሽታውን፥ በሌላው እጅዋ ውኃውን ይዛ ትገባ ነበር ማለት ነው። የቀረችባቸው ቤቶች ከበሽታው ይድኑ ይሆናል፤ ወይም በጥም ያልቃሉ። ከሁለቱ የትኛው ብዙ ሰው እንደ ገደለ ለይቶ መናገር የሚቻል አይደለም። ጠያቂዎቹን ባለማወቃቸው የሚወቅስ ሰው ግን፥ የእንስራውን ጉዳይ ከሒሳቡ አውጥቶ ነው የሚወቅሰው።

ሐኪም በጣም ጥቂት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ከተከፈተ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ በከተማው ያሉት የውጭ አገር ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፥ እነርሱም ከሕመሙ አላመለጡም። በየትኛውም አገር ያለ ሐኪም ቢሆን የሚያዋጋውን ጠላት አላወቀም፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ሰው በእጁ ባለው ተከላከለ፤ ነጭ ሽንኩርት፥ ፌጦ፥ ዝንጅብል፥ ከሁሉም በላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል። ዛፉ ወደ አዲስ አበባ የገባው በምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት ሥራ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ቅጠሉን ቀቅሎ በእንፋሎቱ መታጠን ዛሬም ከየቤቱ አልጠፋም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ነው። ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ በየደጁ ያለው ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ከተማውም በጢስ ይሸፈናል። መነሻው በሽታው ከክፉ አየርና ከቆሻሻ ይመጣል የሚለው አሳብ ነው፤ አሳቡም በዘመኑ በአውሮፓም ቢሆን ገና ፈጽሞ አልሞተም ነበር። ጥራጊ ማቃጠል ኢንፍሉዌንዛን አያቆምም። ደጅን መጥረግ ግን ዝንብንና የሆድ በሽታን ይቀንሳል፤ በዚህ ረገድ ልማዱ ሳያውቅ ሌላ ጠላት ሲመታ ኖሯል ማለት ይቻላል። ከጥራጊው መካከል ፕላስቲክ ከበዛ ወዲህ ጢሱ ራሱ ጠንቅ ሆኗል።

የቀብሩ ነገር በአጭሩ ቢነገር ይሻላል። ሟች በቤተሰቡና በጎረቤቱ ትከሻ ወደ ደብሩ ይሄዳል፤ መቃብሩን የሚቈፍረውም ያው ዘመድና ጎረቤት ነው። እነርሱ በታመሙ ጊዜ ሬሳ በየቤቱ ቆየ፤ ብዙዎች ያለ ፍታት፥ ያለ ለቅሶ፥ አንዳንዶችም ባንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ጥልቅ ያልሆነውን መቃብር ጅብ ይከፍተው ነበር። ዕድር በአዲስ አበባ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው ከጣልያን ወረራ ዘመን ወዲህ እንደ ሆነ አጥኚዎች ይናገራሉ። በ1911 የጎደለው አንዱ እርሱ ነበር፤ የሚቀብረው ሰው በዝምድና ብቻ ሳይሆን በመዝገብ፥ በተራና በመዋጮ የተወሰነበት ማኅበር።

በሽታው ካለፈ በኋላ የከተማው ቤት በሣሩ ፈንታ ቆርቆሮ እየለበሰ፥ ክቡ አራት ማዕዘን እየሆነ ሄደ። ውኃው ግን ወደ ቤት ለመግባት ብዙ ቆየ። የገፈርሳ ውኃ የመጣው በ1930ዎቹ፥ የለገዳዲው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በእነዚህም ጊዜያት አብዛኛው ሕዝብ ከቦኖ በገንዘብ ይቀዳ ነበር። እንስራው በቆርቆሮ፥ ቆርቆሮውም በጀሪካን ተተካ፤ ተሸካሚዋ ግን ያችው ነበረች። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ የቀበሌ ቤት የሚባለው፥ አንድ ክፍል ለአንድ ቤተሰብ የሚደርስበት አኗኗር በመሐል ከተማ ጸና፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ተነሣ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ሲነገር፥ ትምህርት ቤት በቀናት ውስጥ ተዘጋ፤ በወሩ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለሕዝቡ የተነገረው ትእዛዝ ሦስት ነበር፤ እጅህን ቶሎ ቶሎ ታጠብ፥ ርቀህ ቁም፥ ከቤትህ አትውጣ። የመጀመሪያው ውኃ ይፈልጋል፥ ሁለተኛው ክፍል ይፈልጋል፥ ሦስተኛው ስንቅ ይፈልጋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፥ በሳምንት የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ በርሜልና ጀሪካን የሚሞላ ቤተሰብ ከዚያው ላይ ለእጅ መታጠቢያ ቀነሰ። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሕመምተኛውን የሚለይበት ክፍል ስላልነበረው መጋረጃ ጋረደ። በየደጁ ባልዲና ሳሙና ተቀመጠ፤ ቡና ተጠራርቶ መጠጣት ቀረ፤ የዕድር ድንኳን ለጊዜው ታጠፈ።

ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነበረው። አሳንሰር የለውም፤ ግፊቱ በደከመ ቀን ውኃው ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ ከምድር ቤት በጀሪካን ይወጣል። የደረጃው ከፍታ ሲለካ ከግንፍሌ እስከ ሰፈር ካለው ዳገት ያንሳል፤ ጀሪካኑ ግን እንደ እንስራው ያው ሃያ ሊትር ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ጎልማሶቹ የታመሙባቸው፥ ወይም ሽማግሌ ብቻ የሚኖርባቸው ቤቶች ነበሩ። ጎረቤት ውኃውን አወጣላቸው፤ ምግቡንም በሳህን ከድኖ በሩን አንኳኳ፥ ከደጁ አስቀመጠ፥ ወደ ኋላ ራቅ ብሎም በሩ እስኪከፈት ቆሞ ጠበቀ።